ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና ከእርሱ የቀደሙት የትምህርት ማዕከሎች

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተበት ከ1943 ዓ.ም. አንሥቶ ሲሆን፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ዕድሜም የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀብሎ ማስተማር ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ይቆጠራል። አቆጣጠሩ ለመንግሥት መዝገብ ትክክል ነው፤ ለታሪክ ግን አይበቃም። በጉና ተራራ ዙሪያ በተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ከሩቅ አገር ተማሪ የሚቀበሉ፣ በየዘርፋቸው የታወቁ፣ የጨረሰውንም ፈትነው ለመምህርነት የሚያበቁ ጉባኤ ቤቶች ዘመናዊውን ዩኒቨርሲቲ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድሙታልና። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አመሠራረትም ከቀደምቶቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል፤ እነዚያ አስቀድመው የነበሩ ኮሌጆች እየተሰባሰቡ ወይም እያደጉ የተፈጠሩ ሲሆኑ፣ ይህኛው ግን የሚወርሰው ኮሌጅ ሳይኖር በአዲስ ቦታ የተተከለ ነው። በዚያው ከተማና በዙሪያው ያሉ ኮሌጆች በእርሱ ሥር ሳይሆኑ ጎን ለጎን ቆመዋል። የዚህን ምክንያት ለመረዳት የአካባቢውን የትምህርት ታሪክ ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል።

ደብረ ታቦር ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ ራስ ጉግሣና ተከታዮቻቸው የየጁ መሳፍንት መቀመጫቸው አድርገዋት ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስም ከነገሡ በኋላ ብዙውን ጊዜ የተቀመጡት በዚሁ ነው። በዘመነ መሳፍንት የጎንደር ነገሥታት በስም ብቻ ሲቀሩ እውነተኛው ሥልጣን ወደ ደብረ ታቦር በመሻገሩ፣ ካህናትና ሊቃውንት፣ ጸሐፍትና የእጅ ባለሙያዎችም ሥልጣኑን ተከትለው መጡ። ቤተ መንግሥት ባለበት ደብር ይኖራል፤ ደብር ባለበትም ጉባኤ ይኖራል። ይሁን እንጂ የአካባቢው የትምህርት ዝና የተገነባው በከተማዋ ብቻ አልነበረም፤ ዋና ዋናዎቹ ማዕከሎች ከከተማ ርቀው በጋይንት ተራሮችና በአምባዎች አናት ላይ ነበሩ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ ቤት ተነሥቶ በቅዳሴ ቤት፣ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት በኩል አልፎ ወደ መጻሕፍት ቤት፣ ማለትም ወደ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ትርጓሜ ይደርሳል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ተሟልተው የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። ተማሪው አንዱን ዘርፍ ከጨረሰ በኋላ የሚቀጥለውን ፍለጋ አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም ዘርፍ የራሱ የሆነ የታወቀ መካን አለው። በዚህ ረገድ የደቡብ ጎንደር ደጋ ድርሻ ትልቅ ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ፣ በዚያው በጋይንት ያለው ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የሚዜመው የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ሲሆን፣ ዝማሬ በቅዳሴ ፍጻሜ ከቁርባን ጋር የሚዜም፣ መዋሥዕት ደግሞ በተለይ በፍትሐትና በመታሰቢያ ጊዜ የሚዜም ነው። ትውፊቱ የሁሉንም ድርሰት ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ዙር አምባም ያሬድ ያስተማረበት ቦታ እንደሆነ በሊቃውንቱ ዘንድ ሲነገር ኖሯል።

ማስመስከር የሚባለው ሥርዓት የዚህ ሁሉ አደረጃጀት ቁልፍ ነው። አንድ ተማሪ ድጓን በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋ ወይም በትግራይ ካለ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ሊማረው ይችላል፤ ሙሉ መምህር ተብሎ ወንበር ሊዘረጋ የሚችለው ግን ወደ ቤተልሔም ሄዶ በዚያ ባሉት መምህር ፊት ዜማውን አሰምቶ፣ ስሕተቱን ታርሞ፣ «መስክሯል» ሲባል ነው። ትምህርቱ በቃል ብቻ አይደለም። ተማሪው ብራና ፍቆና ቀለም በጥብጦ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል፤ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደላት የሚሠፈሩትን የዜማ ምልክቶች፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩዋቸው የሚነገርላቸውን፣ አንድ በአንድ ከመምህሩ መጽሐፍ ጋር ያመሳክራል። መምህሩ ሲያዜም ተማሪው በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ምልክቱ የተሳሳተበትን ይፍቃል፤ ያቃናል። እንዲህ የታረመው መጽሐፍ ከባለቤቱ ጋር ወደ ትውልድ አገሩ ይመለስና ለሌሎች ተማሪዎች ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ በአክሱምም ሆነ በመናገሻ የሚዜመው የቤተልሔም ድጓ አንድ ሆኖ የቆየው፣ የሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት ወይም የሚያዝ አዋጅ ስለነበረ አይደለም፤ መምህራኑ ሁሉ በአንድ መካን ስላለፉ ነው።

የኑሮውን ነገር በተመለከተ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ጉርሱን ይለምናል፤ ማደሪያው በደብሩ አጠገብ ከእንጨትና ከሣር የሠራት ጠባብ ጎጆ ናት። መንግሥት በጀት አልቆረጠለትም፤ የቀለበው የጋይንትና የእስቴ፣ የፋርጣና የስማዳ ገበሬ ነው። ይህ ነጥብ በትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ከሚገባው በታች ተነግሯል። ብዙ ጊዜ ድርቅና ውርጭ የሚፈትነው፣ መሬቱም የሳሳ ይህ ደጋ፣ ከራሱ ልጆች አልፎ ከመላ አገሪቱ የመጡ ተማሪዎችን ለብዙ ትውልድ አብልቶ አስተምሯል። ከአካባቢው ከወጡት ሊቃውንት መካከል በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ይገኙበታል። ሕዝቡ በይበልጥ የሚያስታውሳቸው በነገር አዋቂነታቸው ቢሆንም፣ በልጃቸው ስም ተክሌ የተባለውን የአቋቋም ሥርዓት፣ ማለትም በዘንግና በጸናጽል የሚከናወነውን የማኅሌት እንቅስቃሴ፣ ያፈለቁ ታላቅ መምህር ነበሩ።

ከዚህ ፍጹም የተለየ ትምህርት ወደ አካባቢው የገባው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በጋፋት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በባዝል አቅራቢያ ካለው ከክሪሾና የሚስዮን ተቋም የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው አሰፈሩ። ቴዎፊል ዋልድማየርና ካርል ሳልሙለር ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ለመስበክ ሲሆን ንጉሡ የፈለጉት ግን መድፍ ነበር፤ በመጨረሻም የንጉሡ ፈቃድ አሸነፈ። ከተደጋጋሚ ሙከራና ውድቀት በኋላ የቀለጠ ማዕድን በቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ተሳካ፤ በ1859 ዓ.ም. የተሠራውና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የዚህ ሥራ ትልቁ ውጤት ሆነ። በመድፉ ዝና የተነሣ የሚረሳው፣ በጋፋት ልጆች ንባብና ጽሕፈት እንዲሁም የእጅ ሥራ ይማሩ እንደነበረ፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ከምድጃው አጠገብ ሙያውን ይቀስሙ እንደነበረ ነው። ጋፋት በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ለቴክኒክ ሙያ ሲል ካቋቋማቸው የትምህርትና የሥራ ቦታዎች አንዱና ከቀደምቶቹም የሚመደብ ነበር። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ባለሙያዎቹንም ይዘዋቸው ሄዱ፤ ከመቅደላ ጦርነት በኋላም አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። የሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን ሥራውን የሚቀጥሉበት ቤትም ሆነ ደጋፊ አላገኙም። ቤተልሔም ከስንት ጦርነት የተረፈችው በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ስላልቆመች ሲሆን፣ ጋፋት ግን በንጉሡ ተወልዶ ከንጉሡ ጋር አበቃ።

ደብረ ታቦር እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ድረስ የበጌምድር ገዥዎች መቀመጫ ሆና ቆይታለች፤ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የሞቱት ራስ ጉግሣ ወሌም የገዙት በዚህች ከተማ ተቀምጠው ነው። የአድቬንቲስት ሚስዮናውያን ሕክምና የጀመሩትና በኋላ ወደ ሆስፒታልነት ላደገው ተቋም መሠረት የጣሉትም ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። ወረራው ግን የአካባቢውን ሚዛን ለወጠ። ጣልያኖች ጎንደርን የሰሜን ምዕራብ ግዛታቸው ማዕከል አድርገው መንገድና ሕንፃ ሠሩ፤ ከነፃነት በኋላም የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎንደር ሆና ቀረች። ደብረ ታቦርም የአውራጃ ከተማ ሆነች። ይህ የአስተዳደር ለውጥ ለትምህርት ታሪኳ ወሳኝ ነበር፤ ዘመናዊ ኮሌጆች የት ይከፈቱ በሚባልበት ጊዜ ስሟ የሚነሣበት ምክንያት አልነበረምና።

በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በሉስየን ማት መሪነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ33 ተማሪዎች ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎች ኮሌጆች በየፊናቸው ተቋቋሙ፤ የምሕንድስና ኮሌጅና የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ፣ የእርሻና የመካኒካል ጥበብ ኮሌጅ በዓለማያ፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር። እያንዳንዱ የተለየ የውጭ ረዳት፣ የተለየ የትምህርት ዘይቤና የተለየ የበላይ መሥሪያ ቤት ነበረው። ዓለማያ ከኦክላሆማ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲሠራ፣ የሕንፃው ኢንስቲትዩት በስዊድን ርዳታ፣ የጎንደሩ ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ድጋፍ ይመራ ነበር። በ1953 ዓ.ም. የወጣው ቻርተር እነዚህን ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ፈጠረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ።

ይህ አፈጣጠር በዓለም ላይ ከነበሩት ሁለት መንገዶች ጋር ሲነጻጸር ባሕርይው ይበልጥ ይገለጣል። በ1836 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የለንደን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዘመኑ ራሱ የማያስተምር፣ በኮሌጆች የተማሩትን ብቻ ፈትኖ ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም ነበር። በ1857 እ.ኤ.አ. በካልካታ፣ በቦምቤይና በማድራስ የተከፈቱት የሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ አርአያ ተከትለው በርካታ ኮሌጆችን በፈተናና በሥርዓተ ትምህርት አስተሳሰሩ፤ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩት የማከረሬ፣ የኢባዳንና የካርቱም ኮሌጆችም ለጊዜው የለንደንን ዲግሪ ያሰጡ ነበር። ኢትዮጵያ ቅኝ ያልተገዛች አገር በመሆኗ ዲግሪዋን ከውጭ ዩኒቨርሲቲ አልተዋሰችም። ኮሌጆቹም በስምምነት የተሳሰሩ ማኅበርተኞች ሳይሆኑ የአንድ ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ አካላት ሆኑ። ለአዲስ አበባው አስተዳደር ይህ አቅም ሰጥቶታል፤ ለክፍለ ሀገሩ ግን ውሳኔ ሁሉ ከአንድ ግቢ የሚወጣበትን ልማድ ተክሏል። የገጠሩ ሰው ዩኒቨርሲቲውን በቅርብ ያየው በይበልጥ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ እንዲያገለግሉ በተደነገገው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት ነው፤ አብዛኞቹም በየአውራጃው ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል።

ለደቡብ ጎንደር ሕዝብ ቅርቦቹ ሁለት ተቋማት የጎንደሩና የባሕር ዳሩ ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጣና ዙሪያ የወባ ወረርሽኝ ካደረሰው እልቂት ማግስት የተቋቋመ በመሆኑ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በባሕር ዳር በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትና ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የተቋቋመው የመምህራን አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ስም ሲለወጥላቸው ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራ፣ የሠለጠነ መምህርና ከሁሉም በላይ የራሳቸው የሥራ ልማድ ነበራቸው።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ የመጣው የፌዴራል ሥርዓት በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች መካከል አዲስ ድንበር አሰመረ። ዩኒቨርሲቲዎች በፌዴራሉ መንግሥት በጀት ሲተዳደሩ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጆችና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለክልሎች ተሰጡ። በዚህም መሠረት የደብረ ታቦር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን እያሠለጠነ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ይጠራል፤ የከተማዋ የጤና ሳይንስ ኮሌጅና በፎገራ ሜዳ የሚገኘው የወረታ ግብርና ኮሌጅም የክልሉ ናቸው። አንድ ወጣት ከመምህራን ኮሌጁ በዲፕሎማ ተመርቆ ወደ ዲግሪ መሻገር ሲፈልግ፣ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ከተማ ቢሆኑም እንኳ የሚያገናኛቸው ድልድይ ለመምህራን የሚሰጠው የክረምት ወይም የማታ መርሐ ግብር ነው። ኮሌጆችን ያቀፈ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሊስፋፋ ያልቻለበት ዋናው ምክንያት የሙያ ወይም የደረጃ ልዩነት ሳይሆን፣ ይህ የበጀትና የተጠሪነት መለያየት ነው።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የተወለደው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። መንግሥት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርትን ለማስፋፋት በተነሣ ጊዜ፣ ነባሮቹ አንደኛ ትውልድ፣ እነ ደብረ ማርቆስና ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ትውልድ፣ እነ ደብረ ታቦር፣ ወልድያ፣ አሶሳ፣ መቱ፣ ቡሌ ሆራ፣ ወልቂጤ፣ ዋቸሞና አዲግራት ደግሞ ሦስተኛ ትውልድ ተባሉ። የሦስተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጀምሩ ያገኙት ከቅየሳ የወጣ መሬትና ግንባታው ያላለቀ ሕንፃ ነው። ተማሪውን የሚመድበው የትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሁሉም የአገሪቱ አቅጣጫ የመጡ ወጣቶችን ማስተኛት፣ መመገብና ማስተማር ነበረባቸው። ከተመደቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብአዊ ጥናት እንዲሆን የተወሰነው ፖሊሲም ብዙ ቤተ ሙከራና ወርክሾፕ የሚጠይቁ የትምህርት ክፍሎችን ገና መሣሪያ ባልሞላላቸው ግቢዎች ላይ አበዛ። የሰው ኃይሉም ወጣት ነበር፤ ብዙዎቹ መምህራን ራሳቸው የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪያቸውን እየተከታተሉ ያስተምሩ ስለነበር፣ ልምድ ያለው መምህር ከክፍል ይልቅ በትምህርት ፈቃድ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ረዘመ።

ዩኒቨርሲቲው ያልወረሰውን ቀስ በቀስ በትብብር ለመተካት ሞክሯል። የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪዎቹ ልምምዳቸውን የሚያደርጉት በደብረ ታቦር ሆስፒታል ነው፤ ሚስዮናውያን የጀመሩት ያ ሆስፒታል ዛሬ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚል ደረጃ ያለውና ከፋርጣ እስከ ስማዳ ያለውን ሕዝብ የሚያገለግል ነው። ዕውቀቱ በዚህ መልክ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ይገናኛል፤ ነገር ግን ሆስፒታሉ የክልሉ፣ ዩኒቨርሲቲው የፌዴራሉ በመሆናቸው የሐኪሙ ደመወዝ፣ የመድኃኒቱ ግዢና የተማሪው ክትትል በተለያየ መዝገብ ይሄዳሉ። የምሕንድስናው ዘርፍ ጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሏል። ስያሜው ተገቢ ነው፤ ተገቢነቱም የሚጸናው በዚያ ያለው ወርክሾፕ የአካባቢውን ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ገበሬ የሚጠቅም ነገር ሲሠራ ነው። የግብርናው ዘርፍ ደግሞ ሰፊ የጥናት መስክ በደጁ አለው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ወደ ጣና ለሚፈስሱት ለርብና ለጉማራ ወንዞች ውኃ የሚመግብ፣ ከሥሩ ድንችና ገብስ የሚበቅልበት ደጋ፣ ከታች ደግሞ ሩዝ የሚመረትበት የፎገራ ሜዳ ያለበት አገር ነው። የተራራው አፈር ሲታጠብ ሜዳው በደለል ይሞላል፤ ስለዚህ ተራራውንና ሐይቁን አንድ አድርጎ ማጥናት ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ከየትኛውም ሌላ ተቋም ይልቅ ይቀርበዋል።

ያለፉት ዓመታት ለተቋሙ ቀላል አልነበሩም። በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጋይንት ደርሶ ንፋስ መውጫ ተያዘች፤ የከባድ መሣሪያ ተኩስም በደብረ ታቦር ከተማ ላይ ወድቆ ሲቪሎችን ገደለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የመንገድ ደኅንነትን አውኮ፣ ተማሪ ለመቀበልም ሆነ ተመራማሪን ወደ መስክ ለመላክ አስቸጋሪ አድርጓል። በዚሁ ዘመን የፈተናው ሥርዓት ተለወጠ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከተፈተኑት መካከል የማለፊያ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ለሺዎች የተሠሩ የማደሪያ ሕንፃዎች ያሏቸው የሦስተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎችም በአንድ ዓመት ውስጥ የሚቀበሉት አዲስ ተማሪ አነሰባቸው። ነጥብ ላልሞላላቸው የተዘጋጀው የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብርና በ2015 ዓ.ም. ለተመራቂዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተናም የተቋማቱን ሥራ ከቁጥር ወደ ብቃት እንዲዞር አስገድደዋል።

ይህ መዞር የመምህራን ትምህርት ኮሌጁን ጉዳይ እንደገና ወደ ፊት ያመጣዋል። በእስቴ ወይም በላይ ጋይንት ገጠር የአንደኛ ክፍል ልጆችን የሚያስተምረውን ሰው ያሠለጠነው ኮሌጅ፣ እነዚያው ልጆች 12ኛ ክፍል ሲጨርሱ የሚጠብቃቸው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሉበት ግቢ በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ነው፤ የሁለቱ ተቋማት የሒሳብና የቋንቋ መምህራን ግን በጋራ የሚያዘጋጁት ሥርዓተ ትምህርትም ሆነ በጋራ የሚመዝኑት ተማሪ የላቸውም። ሁለቱን ለማስተሳሰር የግድ አንዱ በሌላው ሥር መዋል አይኖርበትም። የክልሉ ትምህርት ቢሮና ዩኒቨርሲቲው በሚፈራረሙት ውል የኮሌጁ ዕጩ መምህራን በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ቢሠሩ፣ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ባለሙያዎች ደግሞ በኮሌጁ የማስተማር ልምምድ ላይ ተገኝተው ቢመዝኑ፣ ምንም አዲስ አዋጅ ሳይወጣ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።